«በቃ» የሚለው ማን ነው?



ልጅህ «ትንሽ ተጫውቼ ልምጣ» ብሎ ከቤት ሲወጣ ያ «ትንሽ» ስንት ደቂቃ እንደሆነ ጠይቀኸው ታውቃለህ? ምናልባት አልጠየቅኸው ይሆናል፤ እሱም ቢጠየቅ አያውቀውም። ጨዋታውን የሠሩት ሰዎች ግን አስቀድመው ለክተውታል፤ 2 ደቂቃ ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው። እ.ኤ.አ. በ1999 «ቶኒ ሀውክስ ፕሮ ስኬተር» የተባለ ጨዋታ ለፕሌይስቴሽን ማሽን ተሠርቶ ገበያ ላይ ዋለ። የሠራው ኔቨርሶፍት፣ ያሳተመው ደግሞ አክቲቪዥን የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ነው። በቴሌቪዥኑ መስኮት ላይ አራት ትናንሽ ጎማዎች ባሉት ሳንቃ ላይ የቆመ ሰው ይታያል። ልጁ ጆይስቲኩን ይዞ ሰውየውን ያንሸራትተዋል፣ በአየር ላይ ያሽከረክረዋል፣ በብረት ድጋፍ ላይ ያስኬደዋል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው በ2 ደቂቃ ውስጥ ነው። በዚህች ጊዜ ነጥብ መሰብሰብ፣ እዚህም እዚያም የተንጠለጠሉ አምስት ፊደላትን መልቀም፣ የተደበቀ ካሴት ፈልጎ ማግኘት አለበት። ሰዓቱ ያልቃል። አራቱን ፊደል ለቅሞ አምስተኛዋ አምልጣዋለች! ታዲያ ምን ያደርጋል? «አንዴ ብቻ ልድገም» ይላል። ይደግማል። ከዚያም ይደግማል። ጀንበሯም ትጠልቃለች።

ልብ በል! ልጁ ሰነፍ ስለሆነ ወይም ባለጌ ስለሆነ አይደለም። በጣም አጭር የሆነ ነገር መጨረሻው አይታይም። የአንድ ሙሉ ቀን ሥራ ሰውን ያደክመዋልና ራሱ «በቃህ» ይለዋል። የ2 ደቂቃ ሥራ ግን አያደክምም፤ ደጋግሞ ያስጀምራል እንጂ። የእግር ኳሱም ጨዋታ ቢሆን ያው ነው፤ ዘጠና ደቂቃው ወደ ጥቂት ደቂቃዎች ተኮማትሮ ነው የሚቀርበው። ስለዚህ ጥያቄው «ልጁ ለምን ይጫወታል?» የሚል አይደለም። ጥያቄው «በቃ የሚለው ማን ነው?» የሚል ነው።

ለቤት የተሠራ፣ ለገበያ የወጣ

ይህ ማሽን ሲሠራ የታሰበው ለቤት ነበር። ልጅ ሳሎን ተቀምጦ እየተጫወተ ሳለ እናቱ ከጓዳ ብቅ ብላ «ይበቃሃል፣ ተነሥና ጥናትህን አጥና» እንድትለው ሆኖ የተሠራ ዕቃ ነው። ለሠሪዎቹ ማሽኑ አንዴ ከተሸጠ ልጁ አንድ ሰዓት ተጫወተ አምስት ሰዓት ብዙም አያገባቸውም ነበር።

በእኛ አገርስ ምን ሆነ? ማሽኑን ገዝቶ ቤቱ የሚያስገባ ጥቂት ስለሆነ ማሽኑ ከሳሎን ወጥቶ ሱቅ ውስጥ ተቀመጠ። ከአዲስ አበባ ጀምሮ እስከ ወረዳ ከተሞች ድረስ ልጆች በጨዋታ ወይም በሰዓት እየከፈሉ የሚጫወቱበት ቤት ተከፈተ። እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ነገር ተለወጠ። በቤት ውስጥ «በቃ» የምትል እናት ነበረች፤ በሱቁ ውስጥ ግን የተቀመጠው ሰው የሚኖረው «ድገም» በሚለው ቃል ነው። ይህን የምለው ባለሱቁን ለመስደብ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ እሱም ሥራ ያጣ ወጣት ነው። ነገር ግን የልጅን ጊዜ የሚሸጥ ሰው የልጅን ጊዜ ይጠብቅልኛል ብሎ መጠበቅ ቂልነት ነው።

በዚህ ላይ «የተሸነፈ ይከፍላል» የሚለውን ልማድ ጨምርበት። ሁለት ልጆች ይገጥማሉ፤ ያሸነፈው በነፃ ይጫወታል፤ የተሸነፈው የሁለቱንም ሒሳብ ይከፍላል። የተሸነፈውም ገንዘቡን ለማስመለስ እንደገና ይገጥማል። እስቲ ንገረኝ፣ ይህ ከቁማር ደጃፍ በስንት እርምጃ ይርቃል? ሳንቲሙ ትንሽ ነው ትለኝ ይሆናል። ቁማርተኛ ሆኖ የተወለደ ማን አለ? ሁሉም በትንሽ ሳንቲም ነው የጀመረው።

የሦስት ሰዎች መልስ

ይህን ጉዳይ ስታነሣ ሦስት ዓይነት ሰዎች ሦስት ዓይነት መልስ ይሰጡሃል።

የመጀመሪያው «ምን አለበት፣ ጨዋታ ነው» ይልሃል። ይህ ሰው ልጁን የሚያየው ለእራት ሲመጣ ብቻ ነው። ጨዋታ መሆኑን ማን ካደ? ጨዋታ ግን መጀመሪያና መጨረሻ አለው። መጨረሻ የሌለው ጨዋታ ከጨዋታነት ወጥቶ ውሎ ይሆናል።

ሁለተኛው «ከመጠጥ ቤትና ከጫት ቤት ይሻላል» ይልሃል። እውነት ነው፣ ይሻላል። ነገር ግን አንባቢ ሆይ፣ ለልጅህ የምትመርጥለት ነገር ከክፉዎች ሁሉ የተሻለው ክፉ ይሁን? በሬ ስትገዛ እንኳ «ከታመመው ይሻላል» ብለህ አትገዛም!

ሦስተኛው ደግሞ ቁጡ ነው። «ይዘጋ! ማሽኑም ይወረስ!» ይላል። ይህ ሰው ከሁሉ ይልቅ ለልጆች የሚቆረቆር ይመስላል። እኔ ግን አጥብቄ የምሞግተው እሱን ነው። ለምን ቢባል፣ ቤቱን ካዘጋ በኋላ ልጁ ወዴት እንደሚሄድ አይነግረንም። አልጠየቀማ! ለእሱ ጉዳዩ የሚያልቀው በሩ ሲቆለፍ ነው፤ ለልጁ ግን የሚጀምረው ያኔ ነው።

ተዳፋቱ የማን ነው?

ይህን የምጽፈው በምሥራቃዊው ደቡብ ጎንደር ስላሉ ልጆች እያሰብኩ ነው። ስለ ነፋስ መውጫ፣ ስለ ዓርብ ገበያ፣ ስለ ወገዳና ስለ መካነ ኢየሱስ ልጆች፤ ስለ ጋይንት፣ ስለ ስማዳና ስለ እስቴ ልጆች ማለቴ ነው።

ይህ አገር ተዳፋት አገር ነው። ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍ ያለው የጉና ተራራ ከላይ ሆኖ ያየዋል፤ ከታች ደግሞ የበሽሎና የዓባይ ሸለቆዎች ይጠብቁታል። መንኮራኩርና ቁልቁለት እዚህ እንግዳ አይደሉም። አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ በሠረገላ አስጭነው ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ የወሰዱት በዚሁ አቅጣጫ፣ መንገዱን በሰው እጅ እያስጠረጉ ነበር። በ1860 ዓ.ም. ያ ጉዞ 6 ወር ያህል ፈጅቶባቸዋል። ዳገቱን ለመውጣት ምን ዋጋ እንደሚከፈል ይህ አገር ያውቃል።

የዚህ አገር ልጅም ሸርተቴን ከማንም ሳይማር ያውቃል። በእርጥብ ሣር ላይ ተቀምጦ ይንሸራተታል። በየከተማው እንደምናየውም ከመኪና የወለቀ ኩሽኔታ ካገኘ ከሳንቃ ሥር ገጥሞ አስፋልት ላይ ይነዳል። ሳንቃው የራሱ፣ ጎማው የራሱ፣ የተላጠው ጉልበትም የራሱ ነው! ይህ ልጅ አንድ ቀን ጨዋታ ቤት ገብቶ በቴሌቪዥን ላይ ሳንቃ የሚነዳ ፈረንጅ ሲያይ የሚያየው እንግዳ ነገር አይደለም፤ የራሱን ጨዋታ ነው። ልዩነቱ፣ የራሱ በነፃ ነበር፤ ይህኛው በክፍያ ነው። በራሱ ሲወድቅ ያመው ነበር፤ በዚህኛው የሚወድቀው ሌላ ሰው ነው፤ ነጥቡ ይሰረዝበትና ወዲያው ተነሥቶ ይቆማል።

ታዲያ ለምን የራሱን ትቶ ወደዚህኛው ሄደ? ኩሽኔታውን ይዞ አስፋልት ላይ ሲወጣ መኪና አለ፤ «ልትሞት ነው!» ብለን አባረርነው። ልክ ነበርን። ከዚያ በኋላ ግን ሌላ ቦታ አሳየነው? የከተማ ፕላን ሲወጣ ለሱቅ፣ ለመጋዘን፣ ለመናኸሪያ፣ ለመሥሪያ ቤት ቦታ ይለካል። ለልጅ ጨዋታ የተለካው የት አለ? ቢለካስ ሳይታጠር፣ ሳይሸጥ፣ የድንጋይና የአሸዋ ማራገፊያ ሳይሆን ስንት ዓመት ቆየ? አንተው በምትኖርበት ከተማ ቁጠር!

ቶኒ ሀውክ የተባለው፣ ጨዋታው በስሙ የተሰየመለት ሰው፣ በአየር ላይ ሁለት ዙር ተኩል የሚሽከረከረውን አስቸጋሪ ዝላይ በውድድር ላይ ያሳካው እ.ኤ.አ. ሰኔ 1999 ነው። በዚያችው ምሽት በሕዝብ ፊት ደጋግሞ ከወደቀ በኋላ ነው የተሳካለት። ለዚያች ምሽት ዓመታት ደክሞባታል። ልጅህ በጆይስቲክ ይህንኑ ዝላይ ቁልፍ ተጭኖ ያገኘዋል። ዝላዩን አገኘ፤ ውድቀቱን ግን አላገኘም። ጉልበት የሚሰጠው ዝላዩ ነው ወይስ ውድቀቱ?

ደወል የሌለበት ግቢ

በዚያ ጨዋታ ውስጥ ሁለተኛው መጫወቻ ስፍራ ምን እንደሆነ ታውቃለህ? የትምህርት ቤት ግቢ ነው። ሕንፃ አለው፣ ደረጃ አለው፣ ጠረጴዛ አለው፤ ተማሪ ግን የለበትም። ባለሳንቃው ብቻውን ይንሸራተትበታል።

ለአሜሪካ ልጅ ይህ ምኞት ነው፤ አስተማሪ የሌለበት ግቢ! ለጋይንትና ለስማዳ ልጅ ግን ምኞት አይደለም፤ ያየው ነገር ነው። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ድረስ ደርሶ ነበር። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተቀሰቀሰ። በ2017 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን በክልሉ ከ4 ሚሊዮን በላይ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ እንደነበሩ ተዘግቧል። ከ4 ሚሊዮን በላይ! ከነዚህ አንዱ ጨዋታ ቤት ተቀምጦ ብታገኘው «ለምን ትምህርት ቤት አልሄድክም?» ብለህ ትቆጣዋለህ? በየትኛው አፍህ?

ወድቆ ወዲያው የሚነሣ ሰው ያለበትን ጨዋታ ይህ ልጅ ቢወድ አትፍረድበት። ወድቆ ያልተነሣ ሰው አይቶ ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። «በቃ» ማለት መብት ነው። መብት ደግሞ ዋጋ አለው። ለልጁ ሌላ ምንም ያልሰጠ ሰው «በቃ» ቢለው ልጁ ሊፈራው ይችላል እንጂ አይሰማውም። በጓሮ ዞሮ ይሄዳል። «በቃ» የማለት መብት ያለው «በቃ፣ ና ወደዚህ» ለማለት የሚችል ሰው ነው።

አባት ሆይ! ልጅህን በሰዓት አትገድበው፤ ሰዓት ተጫዋችን አይገታውም። በቁጥር ተዋዋለው፤ «አምስት ጊዜ ተጫውተህ ተነሥ» በለው። የተቆጠረ ነገር መጨረሻው ይታያል። ከዚያም ሲመለስ ቤት ተገኝ። ገበጣ አስተምረው፤ አያቱ ያውቁታል። ሳንቃ ቆርጠህ ስጠው።

እናት ሆይ! ሴት ልጅሽንም አትርሻት። ጨዋታ ቤቱ የወንዶች ሆኗል፤ ሜዳውም የወንዶች ሆኗል፤ ለእሷ የቀራት ጓዳው ብቻ ነው። ሆኖም በአዲስ አበባ ሴቶች ልጆች ተሰባስበው ማኅበር አቋቁመው በሳንቃ ይንሸራተታሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሎምፒክ በዚሁ ስፖርት ወርቅ ካጠለቁት አንዷ የ13 ዓመት ልጅ ነበረች።

ባለሱቅ ሆይ! ከአንተ የምንለምነው ሦስት ነገር ነው። በትምህርት ሰዓት ደብተር የያዘ ልጅ አታስገባ፤ በዱቤ አታጫውት፤ «የተሸነፈ ይከፍላል» የሚለውን አስቀር፤ እያንዳንዱ የራሱን ይክፈል። ይህን ብታደርግ ገቢህ ጥቂት ይቀንስ ይሆናል፤ ስምህ ግን ይቆይልሃል።

የከተማ ሹማምንትና የአገር ሽማግሌዎች ሆይ! በሚያዝያ 2008 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ለሳንቃ ተንሸራታቾች የሚሆን የሲሚንቶ ሜዳ ተከፍቷል። የሠሩት ከልዩ ልዩ አገር የመጡ በጎ ፈቃደኞች ከከተማው ወጣቶች ጋር ሆነው ነው። ስታዲየም አይደለም፤ የተለሰነ ሲሚንቶና ጥቂት ተዳፋት ነው። ተዳፋቱንማ እኛ አናጣም! ሲሚንቶው ቢከብድ እንኳ መኪና የማይደርስበት አንድ ጠፍጣፋ ስፍራ ለይታችሁ «ይህ የልጆች ነው፣ አይነካም» ብላችሁ ድንጋይ ትከሉበት። ትምህርት ቤቱ የሚከፈትበትን መንገድ ደግሞ ከሁሉ በፊት ፈልጉ፤ ያ ደወል ሳይደወል ሌላው ሁሉ ማስታገሻ ነውና።

ይህን ያላደረገ ሰው የጨዋታ ቤቱን በር ለመቆለፍ ቁልፍ ይዞ እንዳይነሣ! የልጅ ጊዜ አደራ ነው። አደራውን አንድ ባለሱቅ በልቶት ይሆናል፤ መጀመሪያ አሳልፎ የሰጠው ግን ማን ነው?