ብረቱ የማይናገረውን ባለቤቱ ይናገር



«አራት ጓደኛሞች ገንዘብ አዋጥተን፣ አንድ ያገለገለ ላንድሮቨር ገዝተን፣ በገጠር መንገድ ሰውና ዕቃ ልናመላልስ አስበናል፤ ምን ትመክሩናላችሁ?» ይህን የመሰለ ጥያቄ ከወጣቶች በየጊዜው ይቀርብልናል። እኛ መካኒኮች አይደለንም። ሆኖም በቤታችን አንዲት ላንድሮቨር 30 ዓመት ኖራለች። ስትገዛም ስትሸጥም የሆነውን አይተናልና በዚህ ወር ዓምዳችን እሱኑ እናጫውታችኋለን።

ያደግነው ሞላሌ ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ደብረ ብርሃንን አልፎ ጣርማ በር የደረሰ መንገደኛ የደሴውን ዋና መንገድ ትቶ ሲታጠፍ በመዘዞ በኩል ወደ መንዝ ይገባል። ሞላሌ የመንዝ ማማ ምድር ወረዳ ከተማ ስትሆን ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ገብስና በግ፣ ብርድና ነፋስ የሚበዛበት አገር ነው። አባታችን፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ የበግና የባና ነጋዴ ነበሩ። ከደጋው ያወርዳሉ፣ ከይፋት ቆላ ማሽላ ያወጣሉ። ብዙ ዓመት በአጋሰስ ሲነግዱ ኖረው በ1986 ዓ.ም. ወደ መኪና ለመሸጋገር ቆረጡ። አዲስ አበባ ሄደውም ስሙን ከማናነሣው ሰው አንዲት ላንድሮቨር ገዙ። ሲሪስ 3 የምትባለው ናት፤ ሻንሲዋ ረጅም፣ ሞተሯ ባለ 2.25 ሊትር ቤንዚን። አረንጓዴ ቀለሟ እንደ አዲስ ሳህን ያብረቀርቅ ነበር።

ለመሆኑ ይህች መኪና ከየት መጣች?

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. ከ1941 ጀምሮ፣ ዊሊስና ፎርድ የተባሉት የአሜሪካ ፋብሪካዎች ለጦሩ ከ600 ሺህ በላይ ጂፖች ሠሩ። አራቱም ጎማዎቿ ስለሚጎትቱ ጭቃና ዳገት የማይበግራት ይህች ትንሽ መኪና ጦርነቱ ሲያልቅ ገበሬው እጅ ገባች። የእንግሊዙ የሮቨር ኩባንያ ዋና መሐንዲስ ሞሪስ ዊልክስ በእርሻው ላይ በአንዲት ጂፕ ይሠራ ነበርና፣ «እኛስ የራሳችንን ለምን አንሠራም?» ብሎ ተነሣ። የመጀመሪያዋ ላንድሮቨር እ.ኤ.አ. አፕሪል 30 ቀን 1948 በአምስተርዳም ትርኢት ለሕዝብ ታየች። እ.ኤ.አ. በ1976 አንድ ሚሊዮንኛዋ ተሠራች።

በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ አገር ብረት በኮታ ይታደል ስለነበር የመኪናዋን ገላ ከአሉሚኒየም ቅይጥ ሠሩት። ገላውንና ሞተሩን ከሥር የሚሸከመው ሻንሲ ግን ብረት ነው። አንባቢ ሆይ፣ ይህን ልብ በል፤ ታሪካችን በሙሉ የተንጠለጠለው እዚህ ላይ ነውና። አሉሚኒየም እንደ ብረት አይዝግም። ስለዚህ የላንድሮቨር ገላ 30 ዓመት ቆይቶም ደኅና ይመስላል። ሻንሲው ግን እንደ ሳጥን ውስጡ ክፍት ነው፤ ጭቃና ውሃ ይገባበትና ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላል። ላዩ ሳያወራ ውስጡ ያልቃል።

አባታችን ይህን የተማሩት በመጀመሪያው ክረምት ነው። ሰውና እህል ጭነው መዘዞን እንዳለፉ ከኋላ በኩል ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ መኪናዋም ወደ አንድ ጎን ዘመም አለች። ወርደው ቢያዩ የኋላው ባሌስትራ ከሚታሰርበት ቦታ ሻንሲው ተሰንጥቋል። ስንጥቁ አዲስ አልነበረም። በችኮላ ተበይዶ በላዩ ወፍራም ቀለም ተለቅልቆበታል። አልሐምዱሊላህ፣ ሰው አልተጎዳም። መኪናዋ ግን ሦስት ሌሊት ጭቃ ላይ አደረች። እሷን ለማሠራት አባታችን ለዒድ ያስቀመጧቸውን በጎች ሳይቀር ሸጡ። ወደ ሻጩ ሄደው «ለምን አልነገርከኝም?» ቢሉት፣ «አይተህ አይደል የገዛኸው?» አላቸው ይባላል።

ደብተሩ

ከዚያ ቀን ጀምሮ አባታችን አንድ ደብተር ከመኪናዋ አይለዩም ነበር። ዘይት የተቀየረበት ቀን፣ የፍሬን ሸራ፣ የተሰበረ ባሌስትራ፣ ከሶማሌ ተራ የተገዛ መለዋወጫ፣ ሁሉም ከነዋጋው ይጻፋል። በአምስተኛው ዓመት ደምረን ብናይ የጥገናው ወጪ የመግዣዋን ዋጋ አልፎ አገኘነው። ወጣቶች ሆይ፣ የመጀመሪያው ምክራችን ይኸው ነው። የአሮጌ መኪና ዋጋ በውል ቀን ተከፍሎ አያልቅም። ያላችሁን ገንዘብ በሙሉ ለመግዣ ካዋላችሁት መኪናዋ በመጀመሪያው ብልሽት በራችሁ ላይ ትቆማለች።

በደብተሩ ውስጥ ዋጋ ያልተጻፈባቸው መስመሮችም ነበሩ። «ወላድ፣ ሌሊት» ይላል አንዱ። «የታመመ ልጅ» ይላል ሌላው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ጎረቤት በጭንቅ ሰዓት የሚያንኳኳው የእኛን በር ነበር። አባታችን ተነሥተው በብርዱ ማኖቬላውን ከፊት አስገብተው ያዞራሉ፤ እናታችን ብርድ ልብስ ይዘው ይወጣሉ።

ከፍታውም የራሱ ፈተና አለው። 3,000 ሜትር ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሲሶ ያህሉን ያጣል። የእኛዪቱ ሞተር ከባሕር ወለል አጠገብ 70 የፈረስ ጉልበት ገደማ ይሰጣል፤ ሞላሌ ላይ ግን 50 ቢሰጥ ነው። ካርቡራተሩ ለዚያ ከፍታ ካልተስተካከለ ቤንዚኑ ይበዛበትና ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። ሌላም አለ። በዚያ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ90 ዲግሪ ገደማ ነው። የራዲያተሩ ክዳን ግፊቱን አጥብቆ ካልያዘ መኪናዋ ዳገት ላይ ቶሎ ትፈላለች። ብዙ ሰው ሞተር ተበላሸ ብሎ የሚያዝነው ጎማው ባለቀ ክዳን ምክንያት ነው።

ቁልቁለቱ ደግሞ ከዳገቱ ይብሳል። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ሲወረድ ፍሬን ብቻ እየረገጠ የሚሄድ ሾፌር ሸራውን ያግለዋል፤ የጋለ ሸራ አይዝም። አባታችን ገና ከአፋፉ ላይ ከባድ ማርሽ አስገብተው ሞተሩ ራሱ መኪናዋን እንዲይዛት ያደርጉ ነበር። ከልክ በላይ ሰው ለመጫን ለሚለምናቸውም፣ «መኪናዋ ትችላለች፤ መንገዱ ግን አይችልም» ይሉት ነበር።

ላንድክሩዘርስ?

ታላቅ ወንድማችን ከጥገናው ብዛት የተነሣ «ይህችን ሸጠን ላንድክሩዘር እንግዛ» እያለ ይጨቀጭቅ ነበር። አልተሳሳተም። ቶዮታም መንገዱን የጀመረው ከጂፕ ነው። እ.ኤ.አ. በ1951 ቶዮታ ጂፕ ቢጄ ብሎ የሠራት መኪና በዚያው ዓመት የፉጂን ተራራ እስከ 6ኛው ማረፊያ ወጣች። ጂፕ የሚለው ስም የእኛ ነው የሚል ተቃውሞ ከዊሊስ ስለመጣ እ.ኤ.አ. በ1954 ላንድክሩዘር ተባለች። እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው 70 የተባለው ሥሪት ዛሬም ይመረታል፤ በአገራችን ሃርድ ቶፕ የምንለው ከዚሁ ወገን ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 የመጣው ባለ 4.2 ሊትር ናፍጣ ሞተሩ ኮምፒዩተር የሌለበት በመሆኑ በገጠር ጋራዥም ይጠገናል። በአንጻሩ የድሮው ዓይነት ላንድሮቨር፣ ዲፌንደር በሚለው ስሙ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2016 መመረቱ አቆመ። ዛሬ በዚያው ስም የሚሸጠው ሌላ ሥሪት ነው።

ይሁን እንጂ ላንድክሩዘርም ባለቤት ይፈልጋል። የዚያ ናፍጣ ሞተር ባለጥርስ ቀበቶ በ100 ሺህ ኪሎ ሜትር ካልተቀየረና ከተበጠሰ ሞተሩ ከባድ ጉዳት ይደርስበታል። ያለፈው ባለቤት ቀይሮታል ወይስ አልቀየረውም? ይህን ከውጭ አይቶ የሚያውቅ የለም። የሚያውቀው ያው ባለቤቱ ነው።

የሽያጩ ቀን

አባታችን በ2008 ዓ.ም. ወደ አኺራ ሄዱ። መኪናዋ ለሁላችንም ወራሾች ቀረች፤ ነገር ግን የሁሉም የሆነ ነገር የሚጠብቀው አያገኝምና ግቢ ውስጥ ቆመች። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸው ሲሰማ ደላሎች በራችንን ማንኳኳት ጀመሩ። በዚሁ ጊዜ የእናታችን ሁለቱም ዓይኖች በሞራ ተጋርደው ነበር። ሸጠን እናሳክማቸው ብለን ተስማማን።

ወንድማችን መኪናዋን አሳጠበ፤ ከሥሯም ጥቁር ቀለም አስቀባት። ከይፋት በኩል አንድ ወጣት መጣ። እሱም እንደ እናንተ ከጓደኞቹ ጋር ገንዘብ አዋጥቷል። ዞረና አየ፣ ሞተሩን አስነሣ፣ ቢጫውን እጀታ ጫን፣ ቀዩን ሳብ አድርጎ አራቱም ጎማዎች መሥራታቸውን አረጋገጠ። በዋጋውም ተስማማን። እሱ የማያውቀውን እኛ ግን እናውቅ ነበር፤ ያ የድሮው ስንጥቅ ከጥቁሩ ቀለም ሥር እንደገና ተከፍቷል።

ማታ በቤት ውስጥ ክርክር ሆነ። ወንድማችን «መካኒክ ይዞ መምጣት ይችል ነበር። ደግሞ ገንዘቡ ለማን ነው? ለእማ ዓይን አይደለም?» አለ። ከእኛም መካከል ዝም ያልን ነበርን፤ ዝምታችንም ከእሱ ጋር መሆናችን ነበር።

እናታችን ሰምተው ኖሯል። «አባታችሁ መዘዞ ላይ ጭቃ ውስጥ ያደሩትን ሦስት ሌሊት እኔ ነኝ የቆጠርኩት» አሉ። «ነቢያችን፣ ሰላትና ሰላም በሳቸው ላይ ይሁን፣ እጃቸውን በእህል ክምር ውስጥ ቢከቱ ከደረቁ ሥር እርጥቡን ማግኘታቸውን ከልጅነታችሁ ጀምሮ አስተምሬያችኋለሁ። በዚህ ልጅ ገንዘብ የበራ ዓይን ምን ሊያይልኝ ነው?»

በማግሥቱ ወጣቱን ጠርተን መኪናዋን ደብረ ብርሃን ጋራዥ ወሰድናት። ከፍ አስደርገን፣ ቀለሙን አስፍቀን፣ ስንጥቁን አሳየነው። ፊቱ ተለዋወጠ። ትቶን የሚሄድ መስሎን ነበር። መካኒኩ ያንን ክፍል ቆርጦ በአዲስ ለመተካት የጠየቀውን ከዋጋው ቀነስንለት፤ እሱም ገዛ። ደብተሩንም ጨምረን ሰጠነው። የቀረው ገንዘብ የበቃው ለአንድ ዓይን ነበር። ሁለተኛው ዓይን እስከሚቀጥለው ዓመት ጠበቀ። ወንድማችን የተቀነሰውን ገንዘብ አሁንም አልፎ አልፎ ያነሣል፤ እናታችን ግን መልስ አይሰጡትም።

ስለዚህ ለጠያቂዎቻችን

ስትገዙ ከገላው በፊት ከሥር ግቡ። ሻንሲውን በትንሽ መዶሻ መታ መታ አድርጉ፤ ደኅናው ብረት ይጮኻል፣ የተበላው ደነዝ ድምፅ ይሰጣል። ከሥር ብቻ አዲስ ቀለም ካያችሁ ለምን ብላችሁ ጠይቁ። የሞተርና የሻንሲ ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር አንድ መሆኑን አመሳክሩ። የውርስ ንብረት ከሆነ የሁሉም ወራሾች ፈቃድ ይኑር። ከመካከላችሁ ማን እንደሚነዳ፣ ማን እንደሚጠግን፣ ኪሳራው እንዴት እንደሚከፈል አስቀድማችሁ በጽሑፍ አስፍሩ። ደብተርም ይኑራችሁ።

የምትሸጡበትም ቀን ይመጣል። ያን ጊዜ ደብተሩን ለገዢው ለማሳየት የማታፍሩ ሁኑ።

ያ ወጣት አምና ስልክ ደውሎልን ነበር። መኪናዋ ትሠራለች፤ በደብተሩ ባዶ ገጾች ላይ መጻፍ ቀጥሏል። «ትናንት ሌሊት አንዲት ወላድ አድርሼ መጣሁ፤ ዋጋውን ምን ብዬ ልጻፍ?» ሲል ጠየቀን። እናታችን ስልኩን ተቀብለው፣ «ልጄ፣ ባዶውን ተወው» አሉት።