እጅ ይቅደም፤ ተግሣጽ ይከተል



በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች አንዱ በናዝሬት (አዳማ) ከሚኖሩ አንዲት እናት የተጻፈ ነው። እኒህ እናት እንደሚሉት የበኵር ልጃቸው በጅቡቲ ሥራ ይዞ ይኖራል። ከልደት በዓል በኋላ ወላጆቹንና ታናናሾቹን ጠርቶ ለጥቂት ቀን ባሕር ሊያሳያቸው አስቧል። በጀልባም ወደ ደሴት ወስዶ፣ በዓይናቸው ላይ መነጽር፣ በአፋቸው የመተንፈሻ ቱቦ አድርገው፣ በውኃው ላይ እየተንሳፈፉ ከበታች ያሉትን ዓሦች እንዲመለከቱ ከአንድ መሪ ጋር ተነጋግሯል። ይህን ጨዋታ ፈረንጆች ስኖርክል ይሉታል። ሴት ልጃቸው ከደስታዋ የተነሣ እንቅልፍ አጥታለች። የ12 ዓመት ወንድ ልጃቸው ግን የባሕሩ ነገር በተነሣ ቍጥር ፊቱ ይለዋወጣል። አባቱም «ወንድ ልጅ እንዴት ውኃ ይፈራል?» እያሉ በእኅቱ ፊት ይዘልፉታል፤ «እዚያ ስንደርስ አንሥቼ እወረውረዋለሁ፤ በዚያው ይለምዳል» ይላሉ። እናቲቱ የሚጠይቁን ሁለት ነገር ነው። ውኃ መፍራት የእምነት ማነስ ነውን? ደግሞስ ልጁን ማስገደድ ይገባልን?

ጥያቄው ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን የሕይወትና የሞት ጉዳይ ያለበት ስለ ሆነ የዚህን ወር ዓምዳችንን ለእርሱ ሰጥተነዋል።

አስቀድመን ስለ ፍርሃቱ እንናገር። አባቶቻችን «ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ሲሉ የተናገሩት በክረምት የሞላ ወንዝ የሚያደርገውን ስላዩ ነው። የእኛ ሰው አብዛኛው ውኃን የሚያውቀው በምንጭ፣ በጠበልና በጥምቀተ ባሕር ነው እንጂ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲዋኝ አላደገም። በስምጥ ሸለቆ የምንኖር ሰዎች እንኳ ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላ በአጠገባችን ሳሉ፣ አዋሽም አዞ እንዳለበት እየተነገረን ስላደግን፣ ከዳር ቆሞ መመልከትን መርጠናል። ይህም ፍርሃት ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2021 በመላው ዓለም ወደ 300,000 የሚጠጋ ሰው በመስጠም ሞቷል። እንግዲህ ልጁ የፈራው የሚፈራ ነገር ነው። ፍርሃት በልብ በር ላይ የቆመ ዘበኛ ነው። ብልህ ባለቤት ማን እንደሚገባና ማን እንደማይገባ ዘበኛውን ያስተምረዋል እንጂ እየደበደበ ከበሩ አያባርረውም።

ስለ እምነት የተጠየቀውን በተመለከተ፣ ቅዱስ ጴጥሮስን እናስብ። ጴጥሮስ ዓሣ አጥማጅ ነበርና ባሕርን ከማንም ይልቅ ያውቅ ነበር። ሆኖም በውኃው ላይ እየሄደ ሳለ የነፋሱን ኃይል አይቶ ፈራ፤ መስጠምም በጀመረ ጊዜ ጮኸ። ወንጌላዊው ማቴዎስ በ14ኛው ምዕራፍ የጻፈውን ታሪክ ሁላችን ሰምተነዋል፤ ቅደም ተከተሉን ግን ልብ ያልነው ጥቂቶች ነን። ጌታችን ጴጥሮስን ስለ እምነቱ ማነስ ገሥጾታል። ይሁን እንጂ የገሠጸው እጁን ዘርግቶ ከያዘው በኋላ ነው። ሰውየው በውኃ ውስጥ ሳለ የመጣለት እጅ ነበር፤ ተግሣጹ የመጣው በእጁ ከተያዘ በኋላ ነው። በአንጻሩ ደግሞ ጌታችን ራሱን ከመቅደስ ጫፍ ወደ ታች እንዲወረውር በተጠየቀ ጊዜ እንቢ ማለቱን እናስታውስ። ከዚህ የምንማረው፣ ራስን ሆነ ልጅን ያለ ጥንቃቄ ወደ አደጋ መወርወር ከእምነት የሚቈጠር አለመሆኑን ነው።

ማስገደድ ይገባልን? ለሚለው ግን በራሳችን በደል ልንመልስ ግድ ሆኖብናል። ማስተማር በጀመርንበት ዘመን ተማሪዎቻችንን ይዘን ወደ አንድ የፍል ውኃ መዋኛ ሄደን ነበር። ከልጆቹ አንዱ እጆቹን በደረቱ ላይ አጣምሮ ከገንዳው ዳር ቆሞ ይንቀጠቀጥ ነበር። ጓደኞቹ ከኋላው መጥተው ገፈተሩት። እኛም ከጥላ ሥር ተቀምጠን ይህን አይተን ሳቅን። ውኃው ለሌሎቹ ልጆች እስከ ደረት የሚደርስ ነበር፤ እርሱ ግን እግሩን መትከል አቃተው። አልጮኸም። ጥቂት ጊዜ እጁን አወራጨ፤ ከዚያ በኋላ ጸጥ አለ። ጸጥታው ለእኛ ጨዋታ መሰለን። ከገንዳው ሠራተኞች አንዱ መጥረጊያውን ጥሎ፣ ከነልብሱ ዘሎ ገብቶ አወጣው። በእግዚአብሔር ቸርነት ልጁ ተረፈ።

ከብዙ ዓመት በኋላ ያ ልጅ ጎልማሳ ሆኖ፣ ልጆችም ወልዶ በመንገድ አገኘን። ስለዚያች ቀን ብናነሣበት፣ «መምህር፣ የገፈተሩኝን ልጆች ስማቸውን እንኳ ረስቻለሁ፤ የእርስዎ ሳቅ ግን እስከ ዛሬ ይሰማኛል» አለን። ልጆቹንም ወደ ውኃ አስጠግቶ እንደማያውቅ ነገረን። ይቅርታ ጠየቅነው፤ እርሱም በደግነቱ ይቅር አለን። እኛ ግን ያን ቀን ሁለት ነገር ተማርን። በግፊያ የተገፋ ፍርሃት አይጠፋም፤ ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል። ሁለተኛውም ይበልጥ የሚያሳፍር ነው፤ ያን ልጅ እያየን ስንስቅ እኛ ራሳችን ዋና አናውቅም ነበር።

ስለዚህ ዕድሜያችን ከአርባ ካለፈ በኋላ ወደ ላንጋኖ ሄደን ከሐይቁ ዳር ያደገ አንድ ወጣት እንዲያስተምረን ለመንነው። የላንጋኖ ውኃ በውስጡ በተንሳፈፈው ደቃቅ አፈር ምክንያት ቡናማ ስለ ሆነ ዓሣ ለማየት አይመችም፤ ለመልመድ ግን ይበቃል። ወጣቱ በመጀመሪያው ቀን «ጋሼ፣ ዛሬ ከጉልበት አናልፍም፤ ቢለምኑኝም አናልፍም» አለን። ይህን ቃል በሰማን ጊዜ ከልባችን ላይ አንድ ሸክም የወረደ ያህል ቀለለን። በሁለተኛው ቀን ፊታችንን በውኃ ውስጥ አድርገን ትንፋሻችንን በቀስታ እንድናወጣ አስተማረን። በሦስተኛው ቀን በጀርባችን አስተኝቶ እጁን ከትከሻችን በታች አድርጎ ደገፈን። «አሁን አንድ ጣት አነሣለሁ፤ አሁን ሁለት» እያለ አስቀድሞ ይነግረን ነበር፤ ሳይነግረን እጁን አንሥቶ አያውቅም። በውኃው ላይ መንሳፈፍን ያገኘነው በእኛ ጉብዝና ሳይሆን በእርሱ ታማኝነት ነው።

የባሕሩም ሥርዓት ከዚህ የተለየ አይደለም። ናዝሬት ከባሕር ጋር በሐዲድ ከተገናኘች ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗታል፤ የቀድሞው ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ፣ አዲሱም በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ሁለቱም በእርሷ በኩል አልፈዋል። በጅቡቲ ሰዎች ዓሣ ለማየት በጀልባ የሚሄዱት በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ወዳሉት ወደ ሙሻና ማስካሊ ደሴቶች ነው። ለቤተ ሰቡ ይጠቅም ዘንድ የሚከተለውን ምክር እንሰጣለን።

አንደኛ፤ መሪውን መርምሩ። መልካም መሪ ገንዘብ ከመቀበሉ በፊት «ከእናንተ ዋና የማያውቅ ማን ነው? የሚፈራስ ማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ለጀማሪ ሁሉ የመንሳፈፊያ ሰደርያ ያለብሳል፤ ብዙ ጀማሪ በአንድ ጊዜ ይዞ አይገባም፤ ሲገቡና ሲወጡም ይቈጥራቸዋል። ይህን የማያደርግ ከሆነ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ተመለሱ።

ሁለተኛ፤ ዕቃውን በደረቅ ምድር ልመዱ። መነጽሩ ልክ መሆኑ የሚታወቀው ማሰሪያውን ሳያጠልቁ ፊት ላይ አድርገው በአፍንጫ አየር ሲስቡ ተጣብቆ የቀረ እንደ ሆነ ነው። መነጽሩ አፍንጫን ስለሚሸፍን መተንፈስ በአፍ ብቻ ይሆናል፤ ይህም ለጀማሪ እንግዳ ነገር ነውና ልጁ በቤቱ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ቀስ ብሎ ማስገባትና ቀስ ብሎ ማስወጣትን ይለማመድ። በቱቦው ውኃ ቢገባበት በኃይል እፍ ብሎ ማስወጣት፣ ወይም ቀና ብሎ ከአፉ ማውጣት እንደሚቻል ይወቅ። ማምለጫውን የሚያውቅ ሰው ፍርሃቱ በግማሽ ይቀንሳል።

ሦስተኛ፤ መጀመሪያ የሚገባው አሸዋ ባለበትና ቆሞ መራመድ በሚቻልበት ቦታ ይሁን። በዚያም ፊቱን ብቻ ውኃ ውስጥ አድርጎ ይተንፍስ። የባሕር ውኃ ጨዋማ ስለ ሆነ ከሐይቅና ከገንዳ ውኃ ይልቅ ሰውነትን ያነሣል፤ ልጁ ይህን በራሱ አካል ሲያውቀው ይደነቃል። ኮራል የተባለው ድንጋይ መሳይ ነገር ሕይወት ያለው ፍጥረት ነውና አይቆሙበትም፤ አይነኩትምም፤ እግርንም ይቈርጣል። በዚያው ባሕረ ሰላጤ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ዌል ሻርክ የሚባለው ግዙፍ ዓሣ ይታያል። ምግቡ በውኃ ውስጥ የሚንሳፈፉ ደቃቅ ፍጥረታት ስለ ሆኑ ሰውን አይበላም። ነገር ግን እርሱን ለማየት በጥልቅ ውኃ ላይ ከጀልባ መውረድ ያስፈልጋልና ይህን ለጀማሪ አንመክርም።

አራተኛ፤ ከልጁ ጋር በምልክት ተስማሙ። እጁን ያነሣ እንደ ሆነ ያለ ጥያቄና ያለ ሳቅ ወዲያው ወደ ዳር ይመለሳል። ይህ ቃል አንድ ጊዜ ከተጠበቀለት በሁለተኛው ጊዜ እጁን ለማንሣት አይቸኵልም።

አምስተኛ፤ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ጠባቂ ይኑረው። ጠባቂውም ስልክ በእጁ ያልያዘ፣ ክንዱን ቢዘረጋ ልጁን የሚደርስበት ይሁን። የሚሰጥም ሰው ብዙ ጊዜ አይጮኽም፤ እኛ በዓይናችን አይተነዋል። በውኃ ዳር ልጅ ጸጥ ሲል ያን ጊዜ ተነሡ።

ስድስተኛ፤ ልብስና ጾምን አስቡ። ነጠላና ሰፊ ቀሚስ ውኃ ሲጠጣ ይከብዳል፤ እግርንም ይጠልፋል። ለጨዋነትም ለደኅንነትም የሚሻለው ከገላ ጋር የሚስማማ እጅጌ ያለው ሸሚዝና ሱሪ ነው፤ ይህም በውኃው ላይ ሲንሳፈፉ ጀርባን ከፀሐይ ቃጠሎ ይጠብቃል። ጉዞው ከነቢያት ጾም በኋላ መሆኑ መልካም ነው። ረቡዕና ዓርብ ግን እስከ ከሰዓት በኋላ በሚጾምበት ጊዜ ሰውነት ስለሚደክም ለባሕሩ ሌላ ቀን ምረጡ።

አሁን ደግሞ ለአባትየው ጥቂት ቃል እንድንናገር ይፈቀድልን። ወንድማችን ሆይ፣ ልጅዎን ከመውደድ የተነሣ ደፋር እንዲሆን መመኘትዎን እናውቃለን። ነገር ግን አንድ ጥያቄ እንጠይቅዎ፤ እርስዎ ራስዎ ዋና ያውቃሉን? የማያውቁ ከሆነ፣ በዚያ ደሴት ዳር መሪውን «አስቀድመህ እኔን አስተምረኝ፤ እኔም እፈራለሁ» ይበሉት፤ ልጁም ይስማ። አባቱ ፈርቶ ሳለ በመሪ እጅ ተይዞ ሲገባ ያየ ልጅ፣ ድፍረት ምን እንደ ሆነ ከዚያ የበለጠ የሚያስተምረው ማንም የለም። ዋና የሚያውቁም ከሆነ እጅዎን ይስጡት፤ ሳይነግሩትም አያንሡት።

ለእናቲቱም መልሳችን ይህ ነው። ይሂዱ፤ ልጁንም ይውሰዱት፤ ነገር ግን ማንም አይወርውረው። ቀኑ ሲመሽ ልጁ የገባው እስከ ጉልበቱ ብቻ ቢሆን፣ ቀኑን እንደ ከንቱ አትቍጠሩት። በማግስቱ «ዛሬ ትንሽ እንጨምር» የሚለው እርሱ ራሱ ሊሆን ይችላል። ባይልም ልጃችሁ በሰላም ወደ ቤቱ ተመልሷል፤ ባሕሩም የትም አይሄድ።

ጴጥሮስን በማዕበል መካከል በእጁ የያዘ አምላክ፣ በውኃ ዳር ያሉ ልጆቻችንን ሁሉ ይጠብቅልን፤ ለእኛም ከመሳቃችን በፊት እጃችንን የምንዘረጋበትን ልብ ይስጠን። አሜን።