የመኝታ ቤት መስኮት በምን ይሸፈን?

የመኝታ ቤታችንን መስኮት በማዳበሪያ ጆንያ የምንወትፍ ብዙ ነን። «ብርድ ይገባል» እንላለን። ብርዱስ እውነት ነው። ነገር ግን የተወተፈ መስኮት አየር አያስገባም። የምድጃው ጭስም መውጫ ያጣል። ጭስ ዓይን ያቃጥላል፤ የሕፃናትን ሳንባ ይጎዳል። ሳንባ ነቀርሳ የያዘው ሰው በቤቱ ካለም፣ በታፈነ ቤት በሽታው ወደ ሌላው ቶሎ ይተላለፋል።

ታዲያ ምን ይሻላል? አቡጀዲ ይሻላል። ይታጠባል። ሲነጋ ይሰበሰባል፤ ሲመሽ ይጋረዳል። የላይኛውን ጠርዝ አጥፎ መስፋትና ገመድ ማስገባት ነው። (ለሙሽራ ቤት ጥልፍ ቢኖርበት ማን ይጠላል!)

ወባ ባለበት ቆላ ግን መጋረጃ ብቻውን አይበቃም። የወባ ትንኝ የምትናከሰው ከምሽት እስከ ንጋት ነው። በመጋረጃው ዳር ሾልካ ትገባለች። ስለዚህ መስኮቱ ላይ ቀዳዳው ደቃቅ የሆነ ወንፊት ሽቦ በምስማር ይመታል። መጋረጃው ከውስጥ ይሆናል።

ሽቦ ተመታ ተብሎ አጎበር አይተውም። ትንኟ በበርም፣ በግድግዳና በጣራ መካከል ባለው ክፍተትም ትገባለችና። አጎበሩን ቀዶ መጋረጃ የሚያደርግም አለ። ኧረ አይሆንም! አጎበር ቦታው አልጋ ላይ ነው።

ሽቦው አቧራ ሲይዝ በመጥረጊያ ይጠረግ፤ ሲቀደድም ቶሎ ይጠገን።