ስለ ቀበሮ አደንና ለአደኑ ስለሚስማማው ጠመንጃ

በአጅባርና በመካነ ሰላም ደጋ በግ የሚያረባ ሰው ሁሉ ከቀበሮ ጋር ክርክር አለው። ግልገል በጠፋ ጊዜ አስቀድሞ የሚጠረጠር እርሱ ነው፤ ሰውን በጽድቅ መልክ የሚያታልል ሰው «የቀበሮ ባሕታዊ» መባሉም የዚህ አውሬ ስም በአገሩ ምን ያህል የከፋ እንደ ሆነ ያስረዳል። ስለዚህ ባለ በጉ ወደ ወረዳው ሹም ቀርቦ ቀበሮውን የሚገድልበት ፈቃድ እንዲሰጠው፥ በየትኛውም ጠመንጃ ቢተኩስ እንዲሻል እንዲነገረው ሲለምን፥ ነገሩ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ሹሙ ስለ ጠመንጃው ከመናገሩ በፊት፥ የተከሰሰው ቀበሮ የትኛው ነው ብሎ ሊጠይቅ ይገባል።

በሳይንትና በቦረና ተራሮች ቀበሮ የሚባሉ ሁለት አውሬዎች አሉና። አንደኛው ተራው ቀበሮ ነው። ጠጉሩ ግራጫና ብጫ የተቀላቀለበት፥ ጀርባው ጠቆር ያለ፥ እግሩም አጠር ያለ ነው። ሲመሽና በሌሊት ወደ መንደር ቀርቦ ጥንብም፥ ዶሮም፥ ግልገልም ይበላል። በአፍሪካ በብዙ አገር ይገኛል። ሁለተኛው ቀይ ቀበሮ ነው። ጠጉሩ እንደ ሸክላ የቀላ፥ ጉሮሮውና ሆዱ ነጭ፥ እግሩ ረጅም፥ አፉ ሾጠጥ ያለ፥ የጅራቱም ጫፍ ጥቁር ነው። በቀን ብርሃን በጓሳው ሣር ውስጥ ብቻውን እየዞረ አይጥ ያድናል፤ ከምግቡም የሚበልጠው ይኸው የአይጥ ወገን ነው። ይህ አውሬ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ በየትም አይገኝም፤ ለአካለ መጠን የደረሱትም ከ500 አይበልጡም ተብሎ ይገመታል። የሚበዙት በባሌ ሲሆኑ፥ ጥቂቶቹ በሰሜን ተራሮች፥ በአርሲ፥ በመንዝ ጓሳና ቀድሞ የደንቆሮ ደን ይባል በነበረው በቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ ይኖራሉ። እንግዲህ አንደኛው በሠራው ጥፋት ሁለተኛው እንዳይቀጣ መጠንቀቅ የሹሙ ሥራ ነው።

የጠመንጃውም ምርጫ ከዚሁ ጥንቃቄ ይነሣል። በአገሬው እጅ የሚገኘው መሣሪያ አብዛኛው ለጦር የተሠራ ነው። የአያቶች ውጅግራ በ1874 እ.ኤ.አ. ለፈረንሳይ ጭፍራ የተሠራ፥ 11 ሚሊሜትር ጥይት የሚጎርስ ነበር። ዛሬ የበዛው ክላሽንኮቭም ባለ 7.62 ሚሊሜትር ሲሆን ጥይቱ ብዙ መቶ ሜትር ሄዶ ይገድላል። ይህ ኃይል ለጦር ሜዳ ጥቅም ነው፤ ለቀበሮ አደን ግን ጉድለት ነው። ክብደቱ 10 ኪሎ ግራም ገደማ የሆነውን አውሬ አልፎ፥ ወይም ከደጋው ድንጋይ ላይ ነጥሮ፥ የጎረቤትን ከብት፥ ይልቁንም ሰውን ሊያገኝ ይችላል። ከዚህም የሚብሰው፥ በ300 ሜትር ላይ ያለ ቀበሮ ተራው ይሁን ቀዩ የተኳሹ ዓይን በእርግጥ ሊለየው አለመቻሉ ነው። ጠመንጃው ዓይን ከሚለይበት ስፍራ አልፎ የሚገድል እንደ ሆነ፥ ባለ ጠመንጃው ምን እንደ ገደለ የሚያውቀው ሬሳው አጠገብ ሲደርስ ነው።

ስለዚህ ፈቃድ የተገኘ እንደ ሆነ፥ ለዚህ ሥራ የሚሻለው ትንንሽ የእርሳስ ፍሬ የሚበትን የአደን ጠመንጃ ነው። ኃይሉ ከ40 ሜትር በኋላ ስለሚደክም ተኳሹ በበረቱ አጠገብ አድፍጦ አውሬውን እስኪያቀርብ ድረስ ይጠብቃል፤ ባቀረበውም ጊዜ በባትሪ ብርሃን ቀለሙንና ጅራቱን ያያል። ባለ 5.6 ሚሊሜትር ትንሹ ጠመንጃም ድምፁ ያነሰ ነውና ይረዳል፤ ሆኖም የሳተ ጥይቱ ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ ሊሄድ ስለሚችል ከኋላው አፈር ወይም ገደል በሌለበት ስፍራ ሊተኮስ አይገባም። በሌሊት የተሰማ ተኩስ አገር ያስደነግጣልና፥ ቀበሌውና ጎረቤቱ አስቀድመው እንዲያውቁት ያስፈልጋል።

የአደን ነገር በሕግ ከተወሰነ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ በ1936 ዓ.ም. ስለ አውሬ ጥበቃ አዋጅ ወጥቶ ነበር። ከዚያ በኋላ የወጣው አዋጅ ቁጥር 541/1999 የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ ማደንን ከልክሏል፤ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ደግሞ የጦር መሣሪያ ያለ ፈቃድ መያዝን ይከለክላል። ብዙዎች እነዚህን ሁለቱን አንድ አድርገው «ጠመንጃዬ ሕጋዊ ነው» በማለት አውሬ ይገድላሉ። ነገር ግን መሣሪያ የመያዝ ፈቃድ የማደን ፈቃድ አይደለም። የወረዳ ሹምም በደግነት ብሎ በራሱ ፊርማ አውሬ ይገደል ብሎ ቢጽፍ፥ ያልተሰጠውን ሥልጣን ይወስዳል፤ አቤቱታውን መርምሮ ለዱር እንስሳት ጥበቃ መሥሪያ ቤት ማስተላለፍ ይገባዋል።

ባለ በጉ «ሹሙ ለአውሬ ሲያዝን የእኔ ልጆች ምን ይለብሳሉ?» ቢል፥ ቃሉ እውነት አለበትና ሊናቅ አይገባም። ቀይ ቀበሮም ቢሆን አልፎ አልፎ እረኛ የሌለውን ግልገል መውሰዱ አይካድም። ይሁን እንጂ አንድ ተራ ቀበሮ ቢገደል ባዶ የሆነውን ስፍራ ሌላ ቀበሮ ይይዘዋል፤ የፈረሰው በረት ግን እንደ ፈረሰ ይቀራል። በረቱን በድንጋይ ከፍ አድርጎ መካብና በላዩ እሾህ መደርደር፥ የሚወልዱትን በጎች ቤት ማሳደር፥ የሞተ ከብት በመንደር ዳር አለመጣል፥ ለመንጋውም ከሕፃን ይልቅ ጎልማሳ እረኛ መስጠት ዓመቱን ሁሉ ይጠብቃል። ውሻም መልካም ጠባቂ ነው፤ ነገር ግን የእብደት በሽታ መከላከያ ይወጋ። በ1996 ዓ.ም. በባሌ ይህ በሽታ ከውሾች ወደ ቀይ ቀበሮዎች ተላልፎ ብዙዎችን ፈጅቷል። መርዝ ማስቀመጥ ግን ፈጽሞ ሊፈቀድ አይገባም፤ መርዝ ተራውን ከቀዩ አይለይም፥ ጥንብ አንሳውንና የመንደሩን ውሻም ይገድላል።

ስለዚህ አቤቱታ የቀረበለት ሹም፥ ግልገሉ የተወሰደው በቀን ነው ወይስ በሌሊት፥ አውሬውን በዓይኑ ያየው ማን ነው፥ ቀለሙና ጅራቱስ እንዴት ነበር፥ በረቱስ እንዴት ያለ ነው ብሎ ይጠይቅ፤ መልሱንም በጽሑፍ ያኑር። ባለ መሬቱም ከጭሰኛ ዘመን የቀረ ልማድ ይመስል «በመሬቴ ላይ ያለው ሁሉ የእኔ ነው» አይበል። ተራው ቀበሮ በስሕተት ቢድን ጉዳቱ አንድ ግልገል ነው፤ ግልገሉም በሚመጣው ዓመት ይተካል። በሳይንት ተራራ ላይ ከቀሩት ጥቂት ቀይ ቀበሮዎች አንዲት እናት በስሕተት ብትገደል ግን፥ ከሌላ አገር አምጥቶ የሚተካት የለም።