የታመመ አምላክ አስታማሚ

«እንጨት የሚያመልክ ሰው ምን ይባላል?» ብሎ የሚስቅ አይጠፋም። ይሳቅ፤ ሳቅ ግብር አይከፈልበትም። እኔን ይበልጥ የሚያበሽቀኝ አዋቂ ነኝ ባዩ ነው። «ይህን የመሰለ ቅርስ እንዴት አፈር ውስጥ ይቀበራል? ሙዚየም ገብቶ በመስታወት ቢጠበቅ ምናለበት?» ይላችኋል፣ አንገቱን እየነቀነቀ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በምሥራቅ ህንድ፣ ኦዲሻ ግዛት ውስጥ፣ ፑሪ የምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ አለች። እዚያ ያለው የጃጋናት ቤተ መቅደስ አማልክት እንደ አብዛኞቹ የሂንዱ አማልክት ከድንጋይ ወይም ከነሐስ የተሠሩ አይደሉም። ጃጋናትም፣ ታላቅ ወንድሙ ባላባድራም፣ እህታቸው ሱባድራም ከኒም ዛፍ ነው የተጠረቡት። የጃጋናት ዓይን እንደ ሰፌድ ክብ ነው፤ የወንድማማቾቹ እጅ ጉማጅ ነው፤ ጠራቢው ሳይጨርሳቸው የሄደ ይመስላል። ኒም መራራ ስለሆነ ነፍሳት ብዙም አይደፍሩትም። ቢሆንም እንጨት ያው እንጨት ነው፤ የባሕር እርጥበት ይበላዋል።

በየዓመቱ በሰኔ አካባቢ አማልክቱን ወደ አደባባይ ያወጡና በ108 እንስራ ውሃ ያጥቧቸዋል። ቀለሙ ይለቃል። ከዚያ ትኩሳት ያዛቸው ይባልና ለሁለት ሳምንት ያህል በር ተዘግቶባቸው ይተኛሉ። ምእመኑ አያያቸውም። የወትሮው ማዕድ ይቀርና ፍራፍሬና የሥራ ሥር መድኃኒት ይቀርብላቸዋል። አበባና ሥራ ሥር የገባበት የሰሊጥ ዘይት ይቀባሉ፤ ቀለማቸውም ይታደሳል። ልብ በሉ! የዛሬ ባለሙያ «የጥገና ጊዜ» የሚለውን እነሱ «ሕመም» ነው ያሉት። እስቲ የትኛው ስም ነው ሰውን ከእንቅልፉ የሚያስነሳው?

አስታማሚዎቹ ዳይታዎች ይባላሉ። ብራህሚኖች አይደሉም፤ ዘራችን ከጫካው ሕዝብ፣ ከሳባራዎች ነው የሚሉ ናቸው። ከ12 እስከ 19 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ፣ የጨረቃ አቆጣጠራቸው ተጨማሪ ወር ሲያመጣ፣ አዲስ ዛፍ ፍለጋ የሚወጡትም እነሱ ናቸው። የተገኘ ዛፍ ሁሉ አይቆረጥም። አጠገቡ ውሃና የምስጥ ኩይሳ መኖር አለበት፤ ወፍ ጎጆ ከሠራችበት ደግሞ ይታለፋል። አዲሱ ተጠርቦ ሲያልቅ፣ መብራት በጠፋበት ሌሊት፣ ዓይኑ የታሰረና እጁ በጨርቅ የተጠቀለለ አገልጋይ በአሮጌው ምስል ሆድ ያለውን ምስጢር ወደ አዲሱ ያዛውራል። አሮጌው እዚያው ግቢ ይቀበራል። ዳይታዎቹም ዘመድ እንደሞተበት ሰው ፀጉራቸውን ተላጭተው ሐዘን ይቀመጣሉ።

ይኼን ነው እንግዲህ ሙዚየም ይግባ የሚሉን! መስታወቱ እንጨቱን ያቆየው ይሆናል። ዛፍ መምረጥ የሚያውቀው ሽማግሌስ? ዘይቱን የሚያፈላው፣ ቀለሙን የሚበጠብጠው፣ የሚጠርበው? መጥረቡ ከቀረ ሙያውን ለልጁ የሚያወርሰው ለምን ብሎ ነው? ሁለት ትውልድ አለፈ ማለት አንድ የሚያምር እንጨትና እንዴት እንደተሠራ የሚጽፍ ፕሮፌሰር ቀሩ ማለት ነው።

ይህን ስል ግን ለፑሪዎቹ ጥብቅና መቆሜ አይደለም። ከ1996 በኋላ የመጨረሻው ቅየራ በ2015 ሲደረግ (ሁሉም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) ያ የሌሊት ሥርዓት በአገልጋዮቹ ጭቅጭቅ ተጓትቶ እስከ ማግስቱ ቀን ዘለቀ። ኦዲሻ በቁጣ ነደደች፤ ከሥራ የታገዱም ነበሩ። ሕዝቡ ቢቆጣ ምን ይፈረድበታል? ይህ ቤተ መቅደስ እኮ ሂንዱ ያልሆነ ሰው በደጁ አያሳልፍም። ኢንድራ ጋንዲ እንኳ በ1984 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው ሳለ እንዳይገቡ ተከልክለዋል። ዓለምን ሁሉ ደጅ ያስቆመ ሰው ውስጥ ገብቶ በታማሚው ራስጌ ቢጣላ ማን ይገላግለዋል? ለዚያ ለመስታወት ወዳዱ ሰውዬ ከኔ መልስ ይልቅ የእነሱ ያስፈልገዋል። እነሱ ግን በ2015 የሰጡት ለክርክሩ የሚሆን ማስረጃ ነው።