ግብ አዳኙ አሠልጣኝ ሲኾን
ወረታ፦ መንግሥቱ ወርቁ በአፍሪካ ዋንጫ 10 ግቦችን አስቆጥሯል። ከኢትዮጵያውያን እስከ ዛሬ የደረሰበት የለም። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያ የያኔዋን የተባበረች ዓረብ ሪፐብሊክ፣ የዛሬዋን ግብጽ፣ በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ረትታ ዋንጫ ስታነሳ የማሳረጊያዋ ግብ የእርሱ ነበረች።

ሃያ ዓመት ቆይቶ ብሔራዊ ቡድኑን በአሠልጣኝነት እየመራ ወደ ሊቢያ ተጓዘ። በ1974ቱ ውድድር ቡድኑ በናይጄሪያ 3 ለ 0፣ በዛምቢያ 1 ለ 0 ተሸነፈ፤ ከአልጄሪያም ያለ ግብ ተለያየ። አሥር ግብ ያስቆጠረው ሰው ያሠለጠነው ቡድን አንድም ግብ ሳያገባ ተመለሰ።

ይህ የመንግሥቱን ችሎታ አያሳንስም። ቡድኑን ለዚያ መድረክ ማብቃቱ ራሱ ቀላል አልነበረም፤ ሀገሪቱ ወደ ውድድሩ የተመለሰችው ከ31 ዓመታት በኋላ፣ በ2005 ዓ.ም፣ በአሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው ነው። ይሁን እንጂ አሠልጣኝ እግሩን ለተጫዋቹ አያውስም። ግብ አስቆጣሪ የሚፈጠረው ብሔራዊ ቡድን ከመድረሱ ብዙ ቀደም ብሎ፣ በልጅነቱ ነው።

የ1954ቱ አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ ዕጣ ደግሞ ሌላ ነው። ከጣሊያናዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት አሥመራ የተወለደው ሉቺያኖ በአሠልጣኝነትም ከሠራ በኋላ በደርግ ዘመን ወደ ጣሊያን ተሰደደ፤ በ2015 ዓ.ም መባቻም በዚያው አረፈ። በስምንት የአፍሪካ ዋንጫ ግቦች ከመንግሥቱ ቀጥሎ የሚጠራ ሰው ልምዱን ለሀገሩ ታዳጊዎች ሳያወርስ መቅረቱ ከዋንጫ ማጣት የማይተናነስ ኪሳራ ነው።

ከወረታ ብዙም በማይርቀው የባሕር ዳር ስታዲየም፣ ኅዳር 2012 ዓ.ም፣ ኢትዮጵያ ኮትዲቯርን 2 ለ 1 ስታሸንፍ አንዷን ግብ ያስቆጠረው የፋሲል ከነማው ሱራፌል ዳኛቸው ነበር። በኋላ ስታዲየሙ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን መስፈርት ባለማሟላቱ ብሔራዊ ቡድኑ የሜዳውን ጨዋታ በሰው ሀገር ለማድረግ ተገደደ። አሠልጣኞች ሲሾሙና ሲሰናበቱ የሚነሳው ክርክር ይህን ጉዳይ ብዙ ጊዜ ይዘለዋል።

በፎገራ ነገሩ ይበልጥ ቅርብ ነው። ርብና ጉማራ በሚሞሉበት ክረምት ሜዳው ውኃ ይተኛበታል፤ ቀጥሎም ሩዙ እስኪታጨድ የገበሬው ነው። ከአጨዳ በኋላም መሬቱ ለጓያ ወይም በመስኖ ለሽንኩርት ይፈለጋል። እንግዲህ ኳስ የሚወድ የአሥር ዓመት ልጅ በዓመት ስንት ወር ይጫወታል? ማንስ ያሠለጥነዋል?