ግድቡስ ሞላ፤ ወገዳስ?

«ግድቡ አልቋል፤ የመብራት ጣጣም አበቃ» ይላል ሰሞኑን ያነበብኩት ጽሑፍ። ጸሐፊው አንድ ምሽት ስማዳ፣ ወገዳ ከተማ ቢያድሩ ኖሮ ብዕራቸው ይከብዳቸው ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ ምጣድ ሲሰካ አምፖሉ እንደ ፍም ይቀላል፣ የወፍጮው ሞተር ያቃስታል። ባለወፍጮው አጥፍቶ እኩለ ሌሊትን ይጠብቃል።

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው የህዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ እሰየው! ግን ገደልና ሸለቆ አቋርጦ ስማዳና ጎረቤቶቿ እስቴና ጋይንት የሚደርሰው ሽቦ በረዘመና ጭነቱ በከበደ ቁጥር ቮልቴጁ ይወርዳል። ግድቡ ባለበት ጉባ ላይ ሌላ ተርባይን ቢጨመር ይህን አያቃናውም።

ይባስ ብሎ ትልቅ ማመንጫ የራሱን መዘዝ ይዞ ይመጣል። 400 ሜጋ ዋት ገደማ የሚሰጥ አንድ ተርባይን ድንገት ቢቆም፣ የአገሪቱ ኔትወርክ ከ50 ኸርዝ ቁልቁል ይንሸራተታል። ሌሎቹ ማመንጫዎች በሰከንዶች ውስጥ ካልደረሱለት የኔትወርኩ አውቶማቲክ መከላከያ ከተሞችን እየቆረጠ ጭነት ያራግፋል። ንፋስ መውጫ ከተማ ላለ ሰው ያው «መብራት ሄደ» ነው።

ጸሐፊው ለወደፊቱም መፍትሔው «ተጨማሪ ግድብ» ነው ይላሉ። እኔ ደግሞ ሪባን የማይቆረጥላቸውን እጠይቃለሁ፦ ቀረብ ያለ ንዑስ ጣቢያ፣ ቮልቴጅ የሚደግፍ ካፓሲተር፣ ዝግጁ ሆኖ የሚጠብቅ መጠባበቂያ ኃይል፣ አንዱ ሽቦ ሲበጠስ ለእስቴዋ መካነ ኢየሱስ ከተማ በሌላ በኩል የሚደርስላት መስመር።